ባለ እጅ ስለ መሆን

ሰው ከዕለት ሥራው የሚተርፈውን ጊዜ በምን እንደሚያሳልፈው ሲታይ፣ የልቡ ዝንባሌ በብዙ ይታወቃል። አንዱ በጨዋታ፣ አንዱ በአትክልት ቦታው፣ አንዱም መጽሐፍ በማገላበጥ ያሳልፈዋል። እኛ ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ብረት በመቀጥቀጥ እናሳልፈዋለን። ይህን ከጀመርን እነሆ ስድስት ዓመት ሆነ። ወዳጆቻችንም በየመንገዱ እያስቆሙ «መምህር፣ ምን ነካዎት? እርስዎን የመሰለ ሰው ከወናፍ ሥር ምን ያደርጋል?» እያሉ ስለሚጠይቁን፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ከመመለስ ይልቅ በዚህ ጽሑፍ ለሁሉም ባንድነት ልንመልስ ወደድን።

በልጅነታችን ፊደል ቈጥረን፣ ዳዊት ደግመን፣ ዲቁና ተምረን፣ ከቅኔውም ጥቂት ቀምሰን፣ ኋላ በዘመናዊው ትምህርት ቤት አልፈን መምህር ሆነናል። የምንኖረውም በጎባ ነው። ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ከበላይዋ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታይባት፣ ብርዷ አጥንት ዘልቆ የሚገባ ከተማ ናት። ወደ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ሮቤን እናገኛለን፤ ከዚያ ወዲያ የስንዴውና የገብሱ ሜዳ ይዘረጋል። በባሌ ደጋ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ገበሬው «ገና» እና «ቦና» በሚባሉት ወራት በዓመት ሁለት ጊዜ ያርሳል። ሁለት ጊዜ የሚያርስ ማረሻም ቶሎ ያልቃል። ትራክተርና ኮምባይነር በሜዳው ላይ ከገቡ ብዙ ዘመን ቢሆንም፣ በተዳፋቱ ላይ ዛሬም በሬ ይጠመዳል፤ በከተማውም ጋሪ ይነዳል። ስለዚህ ባለ እጅ የሌለበት የባሌ ገበያ እስካሁን አላየንም።

ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ብረት የሚሠራውን ሰው አገራችን በብዙ ስም ትጠራዋለች። «ቀጥቃጭ» ማለት ሥራውን መናገር ነው። በእኛ ዙሪያ በኦሮምኛ «ቱምቱ» ይሉታል፤ እርሱም መቀጥቀጥን ከሚያመለክት ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ትርጓሜው ያው ነው። «ጠይብ» የሚለው ግን ይልቁን ያስደንቃል። ቃሉ የመጣው «ጠቢብ» ከሚለው ግእዝ ነው፤ ጠቢብም ብልህ፣ ዐዋቂ፣ ጥበበኛ ማለት እንደ ሆነ ማንም የአብነት ተማሪ ያውቀዋል። እንግዲህ አባቶቻችን ብረት ሠሪውን ሲጠሩት «ጥበበኛው» ብለውት ነበር። በምን ዘመን ይህ የክብር ስም ተገልብጦ ስድብ እንደ ሆነ ያሳዝናል። «ባለ እጅ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እጅ የሌለው ሰው የለም፤ ነገር ግን የእጁ ባለቤት ሊባል የተገባው ከእጁ ሥራ የሚያወጣበት ሰው ብቻ መሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

የብረት ነገር በኢትዮጵያ የትናንት ነገር አይደለም። በ1ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የተጻፈው የግሪክ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል የሕንድን ብረት ይቈጥራል። በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም መንግሥት የመጣው ነጋዴው ኮስማስም፣ የአክሱም ሰዎች ወርቅ ወደሚገኝበት አገር በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው እየሄዱ በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበር ጽፏል። ወደ ቅርቡም ዘመን ስንመጣ፣ በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል ወንዶች በቀጥቃጭነት፣ ሴቶቻቸውም በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ ያገሩ ገበሬ ማረሻና ማጭድ ከእነርሱ እጅ ይገዛ ነበር፤ እየገዛም «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረታ ብረት ሥራ አቋቁመው፣ ከአውሮፓ በመጡ ሠራተኞችና ባገር ልጆች ጉልበት 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. አስፈሰሱ። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ፣ ሠራተኛውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ አስታወቁ፤ የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን የመጣ መሆኑንም ለሕዝቡ አሳሰቡ። ይህ አዋጅ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ስድቡ ግን አዋጁን ሰምቶ አልጠፋም።

በቅዱስ መጽሐፍም ለባለ እጅ ያለው ስፍራ ታላቅ ነው። የምስክሩን ድንኳን የሠራው ባስልኤል በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ መላበት በኦሪት ዘፀአት ተጽፏል። በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ከመስፉ አጠገብ ተቀምጦ ከእሳቱ ወላፈን ጋራ የሚታገለው ቀጥቃጭ ይነሣል፤ እርሱንና እርሱን የመሰሉትን ሰዎች በሸንጎ የሚያስቀምጣቸው ባይኖርም ያለ እነርሱ ከተማ ሊቆም እንደማይችል ጠቢቡ ያስረዳል። ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት የተጻፈ ሲሆን፣ የጎባን ወይም የሌላውን ከተማችንን ዕድር አይቶ የጻፈው ይመስላል። በቤተ ክርስቲያንም ውስጥ መስቀሉ፣ ጸናጽሉ፣ ጽናው፣ የበሩ መቀርቀሪያ ሁሉ ከባለ እጅ እጅ የወጣ ነው። የሠራውን መስቀል ተሳልመን ሠሪውን የምንጸየፍ ከሆነ፣ ነገራችን እርስ በርሱ አይስማማም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ብረት ሥራውን የጀመርንበት ምክንያት ቀላል ነው። የትምህርት ቤቱ የአትክልት ዶማዎች ዶልዱመው ስለ ነበር፣ በከተማው ዳር ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ባለ እጅ ይዘናቸው ሄድን። ሥራውንም ቆመን ስናይ ሰዓቱ ሳይታወቀን አለፈ። በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ዶማ ተመልሰን ሄደን እንዲያስተምሩን ለመንናቸው። ሽማግሌውም ሣቁ። «መምህር፣ እኔ ፊደል እንኳ አልለየሁም፤ እርስዎን ምን አስተምራለሁ?» አሉ። ፊደሉን ለእኛ ይተዉልን፣ መዶሻውን ያስተምሩን ብለን አጥብቀን ስንለምናቸው፣ «እንግዲያው ወናፉን ይያዙ» አሉን።

ለሦስት ወር ከወናፍ በቀር ሌላ ነገር አላስያዙንም። ወናፍ ሲያዩት የማይረባ ነገር ይመስላል፤ ሁለት የፍየል ቆዳ ስልቻ፣ በላይ በኩል የሚከፈትና የሚዘጋ አፍ፣ በታች በኩል ከእሳቱ ሥር የሚገባ የሸክላ ቧንቧ፤ ይኸው ነው። ዛሬ አንዳንድ ባለ እጆች በብስክሌት ቸርኬ የሚዞር ማራገቢያ ይዘዋል፤ መምህራችን ግን ወናፉን አልለወጡም። ሥራው የቀኙ ሲተነፍስ ግራው እየሳበ፣ የግራው ሲተነፍስ ቀኙ እየሳበ፣ ነፋሱ ለአንድ ዐይን ጥቅሻ ያህል እንኳ እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው። በማሕሌት ግራና ቀኝ ቆመው ዜማውን እየተቀባበሉ እንደሚያደርሱት ሊቃውንት ማለት ነው፤ አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ዜማው ግን አይቋረጥም። እኛም ይህን ምሳሌ ከያዝን ወዲህ እጃችን ሥርዓቱን አገኘ።

በጎባ ደግሞ ወናፍ ነፊው ከቆላው ወንድሙ ይልቅ ይደክማል። ምክንያቱን ዘመናዊው ትምህርት ይነግረናል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ንፊት ወደ ፍሙ የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል። ውኃ እንኳ በእኛ አገር በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን ለመምህራችን ስንነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ «እኔስ ወደ ቆላ ወርጄ በሠራሁ ጊዜ እሳቱ ታዛዥ የሆነልኝ ለምን ይሆን እል ነበር» አሉ። እርሳቸው ነገሩን በእጃቸው ያውቁት ነበር፤ እኛ የጨመርንላቸው ምክንያቱን ብቻ ነው።

በአራተኛው ወር መዶሻ ተሰጠን። መስፋቸው በግንድ ላይ የተተከለ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው፤ ጉጠቱን፣ መሮውንና መብሻውን ሁሉ ራሳቸው ሠርተውታል። የመጀመሪያው ትምህርት የእሳትን መልክ ማንበብ ሆነ። ብረት በእሳት ውስጥ እየጋለ ሲሄድ አስቀድሞ እንደ ረጋ ደም ይጠቁራል፤ ቀጥሎ ይቀላል፤ ቀጥሎ የበሰለ ብርቱካን ይመስላል፤ ከዚያም ወደ ብጫ፣ ከብጫም ወደ ነጭ ያልፋል። የሚቀጠቀጠው በብርቱካኑና በብጫው መካከል ሳለ ነው። ሲቀዘቅዝ ቢመቱት ይሰነጠቃል፤ ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ሲጀምር ደግሞ ብረቱ ራሱ መቃጠሉ ነው፤ ያ ብረት ተመልሶ ብረት አይሆንም። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለው ተረት በሰው አፍ የተለመደ ቢሆንም፣ ከጋለበት እስከሚቀዘቅዝበት ያለው ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ የሚያውቀው መዶሻ የያዘ ሰው ነው። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ምት ቢመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተመልሶ እሳት ውስጥ መግባት አለበት።

ሁለተኛው ትምህርት ብረት ሁሉ አንድ አለመሆኑን ማወቅ ነው። ለቤት መሥሪያ የሚሆነው ፌሮ ለስላሳ ነው፤ ለመንጠቆ፣ ለመቀርቀሪያ፣ ለእሳት መቆስቆሻ ይሆናል፤ ስለት ግን አይይዝም። ካሮጌ መኪና የሚወጣው ባሌስትራ ግን ለቢላዋ፣ ለምሳርና ለማረሻ ጫፍ የተመረጠ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ካርቦን ነው። በፌሮ ውስጥ ያለው ካርቦን እጅግ ጥቂት ነው፤ በባሌስትራ ውስጥ ግን ከመቶ እጅ ከግማሽ እጅ ጥቂት ይበልጣል። ይህች ጥቂት ነገር የጋለው ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ እንዲጠነክር ታደርገዋለች። መምህራችን ካርቦን የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም ነበር፤ ነገር ግን ቁራጩን በመስፉ ላይ ጥለው ድምፁን ሰምተው፣ በሞረድም ጫፉን ነክተው «ይህ ይሳላል፣ ይህ አይሳልም» ይላሉ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የረቀቀው ትምህርት ማጠንከርና ማለዘብ ነው። የተሠራው ቢላዋ በትክክል ይግላል፤ እኛ መጻሕፍት ያነበብን ሰዎች ማግኔት እናስጠጋለን፣ ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ይተዋልና። መምህራችን ግን ወደ ጥላው ዘወር አድርገው መልኩን ያዩታል፤ ስለዚሁ ነው የባለ እጅ ቤት ጨለማ የሚሆነው፤ ሰዎች እንደሚያወሩት ለአስማት አይደለም። ከዚያም ቢላዋው በዘይት ወይም በውኃ ይነከራል። በዚህ ጊዜ እጅግ ጠንካራ ይሆናል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ገጹ ተወልውሎ በቀስታ እንደ ገና ይሞቃል። በጠራው ብረት ላይ ቀለም መሮጥ ይጀምራል፤ አስቀድሞ የስንዴ አገዳ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ። አገዳው 220 ዲግሪ ገደማ፣ ሰማያዊው 300 ገደማ መሆኑን መጽሐፉ ይነግረናል። ለቢላዋ አገዳው ላይ፣ ምት ለሚበዛበት ለምሳር ወደ ሐምራዊው ሲጠጋ ማቆም ያስፈልጋል። ጥንካሬ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ጠንካራውን የሚያኖረው ጥቂት ልዝበት መሆኑን ብረት ያስተምራል። ልጆች ለምናሳድግ ሰዎች ይህ ትምህርት ከቢላዋው የበለጠ ነው።

እንዲህ እያልን ከመንጠቆ ወደ መቀርቀሪያ፣ ከመቀርቀሪያ ወደ ቢላዋ፣ ከቢላዋ ማረሻውን ከእርሻው ዕቃ ጋራ ወደሚያያይዘው ወገል አለፍን። በሦስተኛው ዓመት ያለቀ ማረሻ ጫፍ ቀጥሎ ማውጣት ተፈቀደልን። ባሌ የፈረስ አገር ስለ ሆነ በአምስተኛው ዓመት እርካብና ልጓም ሠራን። የምንሠራውን በገበያ አንሸጥም፤ ደመወዝ ያለው ሰው ደመወዝ ከሌለው ሰው ጋራ በገበያ መሻማት አይገባውምና። የተሳካው ሥራ ከመምህራችን ዕቃ ጋራ ተደባልቆ ለእርሳቸው ይሸጣል፤ የትምህርታችን ዋጋም እርሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነው ስለ ብረት ነው። ዋናው ነገር ግን ስለ ሰው ነው።

መምህራችን አንድ ልጅ አላቸው፤ በእኛ ክፍል ይማራል። በዓመቱ መጀመሪያ የተማሪው ስም ሲመዘገብ «የአባት ሥራ» የሚል ቦታ አለ፤ ልጁ በዚያ ቦታ «ገበሬ» ብሎ ይጽፋል። አባቱ ጥማድ መሬት እንደሌላቸው እናውቃለን፤ ልጁም እንደምናውቅ ያውቃል። ከጓደኞቹ ጋራ ሲጫወት ማንም ባይነካውም፣ ጠብ በተነሣ ቀን የምትወረወረው ቃል አንዲት ናት። ከቤታቸው የሰሙት ሕፃናት «ቡዳ» ይሉታል፤ አባቱ ሌሊት ጅብ እንደሚሆኑ ይነግሩታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥምቀት ማግሥት መምህራችንንና ባለቤታቸውን ለቡና ጠራናቸው። መጡ፤ ግን ከበሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ወደ ውስጥ እንዲገቡ ባለቤታችን አጥብቃ ብትለምናቸውም «እዚህ ይበቃናል፣ ልጄ» አሉ። በቤቱ የነበረች አንዲት የሥጋ ዘመዳችን፣ ስኒዎቹ ተቀላቅለው ሲቀዱ አይታ፣ ሁለተኛውን ሳትጠጣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ከቤታችን ውኃ አልቀመሰችም። በኀዘን ጊዜ ታጽናናናለች፣ በመንገድ ትስመናለች፤ ውኃችንን ግን አትጠጣም።

በማግሥቱ ወደ ሥራው ስንሄድ ስለዚሁ ነገር ይቅርታ ልንል ጀመርን። መምህራችን ብረቱን ከእሳት ሳያወጡ እንዲህ አሉን፦ «ተዉት፣ መምህር። እኔ ለምጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። እርስዎ ሲቀጠቅጡ ሰዎች ‹መምህር ብልሃት ያውቃል› ይላሉ። ሲደክምዎም መዶሻውን አስቀምጠው ይሄዳሉ። ልጄ ቢቀጠቅጥ ግን ስም ይሆንበታል፤ አስቀምጦት ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ለእርስዎ አስተምራለሁ፤ ለእርሱ አላስተምርም።»

ይህን ቃል ከሰማን ወዲህ የትርፍ ጊዜ ሥራችንን እንደ ቀድሞው በቀላሉ ልናየው አልቻልንም። መዶሻው አንድ ነው፤ እሳቱ አንድ ነው፤ የሚወጣውም ቢላዋ አንድ ነው። ለእኛ የሚያስመሰግነን ለእርሳቸው የሚያሰድባቸው ከሆነ፣ ልዩነቱ ከሥራው እንዳልመጣ ግልጥ ነው። የሚመጣው ካየነውና ሳንመረምር ከተቀበልነው ልማድ ነው። አንድ መምህር ብረት ስለ ቀጠቀጠ ብቻም ልማዱ አይጠፋም። ይህን በሌላ አገርም ማየት ይቻላል። በሰሜን አሜሪካ ሥራው በፋብሪካ ተተክቶ ሊጠፋ ከተቃረበ በኋላ፣ ብረት መቀጥቀጥን የሚወዱ ሰዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቁመው ዛሬ ብዙ ሐኪምና ብዙ መምህር በዕረፍት ቀኑ መዶሻ ያነሣል፤ በዚያ ማንም አይሰድበውም። በእኛ አገር ግን ሙያው ገና በሕይወት ሳለ፣ የሚያውቁት ሰዎች በኀፍረት ከልጆቻቸው ይደብቁታል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ13ኛው ምዕራፍ፣ በእስራኤል ምድር ሁሉ ብረት ሠሪ ስላልተገኘ ሕዝቡ ማረሻውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ አገር ይወርድ እንደ ነበር ተጽፏል። ፍልስጥኤማውያን እስራኤልን በዚህ አዳከሙ። እኛ ግን ጠላት ሳያስገድደን በገዛ ምላሳችን ያንኑ እየሠራን ነው።

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤቱ ፈቃድ መምህራችንን ወደ ግቢያችን ጋብዘን፣ በተማሪዎቹ ፊት ከባሌስትራ ቁራጭ ማጭድ እንዲሠሩ አደረግን። እኛ ወናፍ ነፋን። ተማሪዎቹ አፋቸውን ከፍተው አዩ፤ ብረቱ ውኃ ሲገባ ለምን እንደሚጮህ፣ ቀለሙ ለምን እንደሚለወጥ አብዝተው ጠየቁ፤ እኛም እስከምናውቀው መለስን፣ የቀረውን እርሳቸው መለሱ። በዚያን ቀን ልጃቸው ከትምህርት ቤት ቀረ። ለምን እንደ ቀረ አልጠየቅነውም። ከአንድ ወር በኋላ ግን፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራው ቤት ገባና ጥቂት ቆሞ አየን፤ ከዚያም ምንም ሳይናገር ወናፉን ከእጃችን ተቀበለ። ሲነፋ ያየው ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዐይኑ ሲማር እንደ ኖረ ያውቃል። አባቱ ቀና ብለው አዩት፤ ምንም አላሉም። በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው አሁንም «ገበሬ» ነው።

ከአንባብያን መካከል ይህን ሙያ ለመማር የሚወድ ሰው ቢኖር፣ ከልምዳችን ጥቂት እንመክረዋለን።

1ኛ፤ መምህር ፈልጉ እንጂ በመጽሐፍ ብቻ አትጀምሩ። በየገበያችሁ ባለ እጅ አለ። በአዲስ አበባ ያላችሁም በመርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ አሮጌው በርሜልና ላሜራ እንዴት አዲስ ዕቃ እንደሚሆን ተመልከቱ።

2ኛ፤ ዕቃ አታብዙ። አንድ ኪሎ ያህል የሚመዝን መዶሻ፣ አንድ ጉጠት፣ አንድ ሞረድ፣ መስፍ የሚሆን ከባድ ብረትና ወናፍ ለዓመት ይበቃሉ።

3ኛ፤ ከሰሉን ካገኛችሁበት አትግዙ። ባሕር ዛፍ ለዚህ ሥራ ይበቃል። በባሌ የምንኖር ሰዎች ይልቁንም ልንጠነቀቅ ይገባናል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧልና፣ ለመንጠቆ ብለን የሐረና ደን ዛፍ አይቈረጥብን።

4ኛ፤ ዐይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ፤ ናይሎን ልብስ አትልበሱ፤ የተሸፈነ ጫማ አድርጉ፤ አንድ ባልዲ ውኃ ከአጠገባችሁ አይለይ። ዚንክ የተቀባ ቧንቧና ቆርቆሮ ከቶ እሳት ውስጥ አታግቡ፤ የሚወጣው ነጭ ጢስ ያሳምማል። ሁለት አፉ የተደፈነ ቧንቧም በእሳት ውስጥ ይፈነዳል።

5ኛ፤ ከመንጠቆ ጀምሩ። የእሳት መቆስቆሻ ሠርታችሁ ለቤታችሁ ስትሰጡ የሚሰማችሁ ደስታ በገንዘብ አይገዛም። ቢላዋ ከዓመት በኋላ ይደርሳል።

6ኛ፤ ይህም ከሁሉ ይበልጣል፤ ያስተማራችሁን ሰው «መምህሬ» ብላችሁ በአደባባይ ጥሩት። ስታገኙት ቆባችሁን አንሡለት፤ በማኅበር መካከል ስፍራ ስጡት። ሙያውን ወስዶ ሰውየውን በበር ላይ ማስቀመጥ ሌብነት ነው።

ሙያውን ለመማር ለማይወዱትም የምንለው አለን። በየቤታችሁ ሽንኩርት የሚከተፍበት ቢላዋ፣ እንጨት የሚፈለጥበት ምሳር፣ እህሉ የበቀለበት ማረሻ አለ፤ ወይም ይህ ሁሉ ያለው ገበሬ የላከላችሁን እንጀራ ትበላላችሁ። ልጆቻችሁ «ቡዳ» የሚለውን ቃል የሰሙት ከመንገድ አይደለም፤ ከማጀት ነው። ከማጀት የወጣውን ቃል ወደ ማጀት መልሶ መቅበር የምንችለው እናትና አባት ነን። በሚቀጥለው ጊዜ ቢላዋችሁን ይዛችሁ ወደ ባለ እጁ ስትሄዱ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የእሳቱን መልክ አሳዩት፤ ሥራው ሲያልቅም ባለ እጁን ወደ ቤታችሁ ጥሩትና ከበሩ አጠገብ ሳይሆን ከመካከላችሁ አስቀምጡት። ስኒውንም አትለዩ።